የአክስቴ የቁም ተዝካር

ሐሙስ

ይህን የምጽፈው አዳማ ላላችሁ ወዳጆቼ ነው። ፎገራን የማየት ዕድል የሚገጥማችሁ ጥቂቶች ናችሁ፤ በጥር ወር ሠርግ አስጥላ ያስከነፈችኝ ሴት ማን እንደሆነች ግን ሁላችሁም ጠይቃችሁኛል።

ሥራዬን ታውቃላችሁ፤ የሰው ድግስ አሰናዳለሁ። ጥር ለእኔ ዓመቱን ሙሉ የምበላውን የማገኝበት ወር ነው። በዚህ ወር ነው እንግዲህ አክስቴ የሺ ከወረታ አጠገብ ካለው መንደሯ ደውላ “እሁድ ተዝካሬን አወጣለሁና ነይ” ያለችኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። የቁም ተዝካር ማለቷ ነበር፤ ሰው ከሞተ በኋላ የሚደረግለትን ድግስ በሕይወት እያለ በገዛ እጁ የሚያወጣበት። ልጅ ሳለሁ እናቴ ስታወራ ሰምቻለሁ፤ ከእናቴ ዘመን ጋር የቀረ መስሎኝ ነበር።

እመጣለሁ ያልኩት ለድግሱ ብዬ አይደለም። አክስቴ ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዷታል። ባሏ ሞተዋል፣ ልጅም የላትም፤ ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያስያዝኩላት እኔ ነኝ። ቀጠሮው ደግሞ ከድግሱ ማግስት፣ ሰኞ ላይ ዋለ። ድግስ ያደረ ቤት በማግስቱ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ልቤ ያሰበው ድግሱን አስትቼ፣ ሴትዮዋን ይዤ በጊዜ ባሕር ዳር መግባት ነበር።

ከአዳማ ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከባሕር ዳር ወረታ በሚኒባስ። ሐሙሲትን ካለፍን በኋላ አገሩ ተዘረጋ። የእኛም አገር ሜዳ ነው እንላለን፤ ግን አዳማ ላይ ቀና ስትሉ ዙሪያውን ኮረብታ ያያችሁታል። እዚህ ተራራው በስተምሥራቅ ብቻ ነው፤ በስተምዕራብ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ጠፍቶ ሜዳው ሐይቁ ላይ ያልቃል። ሩዙ ታጭዶ ገለባው ተከምሯል። በየመሀሉ ውኃ በሞተር እየሳቡ ሽንኩርት ተክለዋል፤ ሽታው መቂ የገባሁ አስመሰለኝ።

ወረታ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚለያይባት ከተማ ናት፤ ጭነት መኪናው ጥሩምባውን፣ ባጃጁ ቁጣውን ያሰማል። በዚህ በኩል አገሬን አልናፈቅኩም። ምሳ የበላሁበት ቤት እንጀራው እንደ ወተት ነጣብኝና “ይህ ምን ዓይነት ማኛ ነው?” ብዬ ጠየቅኩ። ባለቤቷ ሳቀች። “ሩዝ ነው እቴ። ጤፉ ለሽታ ያህል ነው የገባበት” አለችኝ። ትንሽ ይደርቃል፤ ለወጥ ግን ክፉ አይደለም።

ከከተማው ወደ መንደሩ የያዝኩት ባጃጅ የሽንኩርት መስኖ ውኃ ተርፎ በፈሰሰበት ቦይ ውስጥ ተሰነቀረ። ሾፌሩ “ውረጅና ይቅለለው” አለኝ፤ ወረድኩ፤ ጫማዬ እዚያው ጭቃው ውስጥ ቀረ። ሻንጣዬም ባለ ጎማ ነው፤ አስፋልት ላይ እንጂ እዚህ ጎማው ለጌጥ ነው። ከማሳው ዳር አንዲት ሴት መጥታ ሳትጠይቀኝ ሻንጣውን አናቷ ላይ ጣለችው። ቤቷ ወስዳ ውኃ አቀረበችልኝ፤ እግሬን ልታጥብ ጎንበስ ስትል እምቢ ብዬ ታገልኳት፤ እሷ አሸነፈች። የራሷን ላስቲክ ጫማ አጥልቃልኝ “የማን ነሽ?” አለች። “የእትዬ የሺ የእህት ልጅ ነኝ” ስላት “አሃ፣ ለተዝካሩ ነው” ብላ ወደ አክስቴ ቤት አመለከተችኝ።

አክስቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ወደ ድምፄ ዞራ “ከስተሻል ወይስ ዓይኔ ነው?” አለችኝ። “ዓይንሽ ነው” ብዬ አቀፍኳት። እዚያ የነበሩት ጎረቤቶች ተያዩ። እኔ አክስቴን “አንቺ” እያልኳት ነው ያደግኩት፤ በዚህ አገር ግን ትልቅ ሰው በ“እርስዎ” ነው። አክስቴ “ተዉአት፣ የከተማ ልጅ ናት” ብላ ይቅርታ ለመነችልኝ።

ዓርብ

ጠዋት ስነሳ ጓሮው ሠራተኛ በሠራተኛ ሆኗል። ወንዶቹ የባሕር ዛፍ አጣና እየተከሉ ዳስ ይጥላሉ፤ ሴቶቹ ድንች ይልጣሉ፣ የጠላውን ጋን ይፈትሻሉ። ሙያዬ ነውና ዞር ዞር አልኩ። የዳሱ በር አንድ ብቻ ስለሆነ ሰው ይጨናነቃል ብዬ ለአንዱ ነገርኩት። “የገባ ሰው እስኪጠግብ አይወጣም፣ ሁለተኛው በር ለምን ይሆናል?” አለኝና ወደ ሥራው ዞረ።

ቀን በሽሮና በሩዝ እንጀራ የጾም ምሳችንን እየበላን ሳለ ነገሬን ጀመርኩ።

“አክስቴ፣ መጀመሪያ ዓይንሽን እንታከም። ድግሱ ከፋሲካ በኋላም ይደርሳል። ያኔ እያየሽ ትደግሻለሽ።”

“የለም ልጄ። መጀመሪያ ተዝካሬ ነው።”

“ለምን?”

“ምላጭ ያለበት ነገር ነው ያሰብሽልኝ። እግዜር ያውቃል፣ እዚያው ልቀር እችላለሁ። የተጣላሁት ሰው እያለ ደግሞ ከቤቴ አልወጣም።”

የተጣላችው ሰው እትዬ አጸደ ይባላሉ። ቤታቸው ከአክስቴ ቤት አጥር ለአጥር ነው፤ አሁን ተዘግቶ ጣሪያው ዝጓል። ሁለቱ በአንድ ዓመት ያገቡ፣ አንድ ምንጭ የሚቀዱ፣ ላሞቻቸውን በአንድ ግጦሽ የሚያውሉ ጎረቤታሞች ነበሩ። ኋላ ሩዝ መጣና ሜዳው ሁሉ ይታረስ ጀመር። የአክስቴ ባል ከሁለቱ ቤት ጓሮ የነበረችውን የጋራ ግጦሽ አረሷት። እትዬ አጸደ ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት አጥተው ሸጧቸው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ወንዛዬ ወደምትኖር ልጃቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ቃል አላለፈም።

“ያረስሽው አንቺ አይደለሽም” አልኳት።

“ሞፈር አልያዝሁም። ተው አላልሁትም ግን። ሩዙንም በላሁት።”

የንስሐ አባቷ አባ ተክሌ በዚህ መሀል ደረሱ። ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ድግሱን ያስቆሙልኛል ብዬ ተስፋ ጥዬባቸው ነበር።

“እኔም ድግሱን አልወደድሁትም” አሉኝ። “ነገሩ የጀመረው ልቁረብ ስትለኝ ነው። መባው ይቆይ፣ መጀመሪያ ከሰው ታረቂ አልኋት። ሽማግሌ ላክን፣ አጸደ እምቢ አለች። የሺ ራሷ እየተመራች ወንዛዬ ሄደች፣ አጸደ ደጅ አልወጣችላትም። ከዚያ የሺ ይህን ሐሳብ ይዛ መጣች።”

“ለሽማግሌ እምቢ ይባላል” አለች አክስቴ። “ለተዝካር እምቢ የሚል የለም። ስሞትማ ትመጣለች፤ መቃብሬ አፍ ላይ ቆማ ታለቅስልኛለች። ያኔ ምን ይጠቅመኛል? በቁሜ ትምጣልኝ።”

“ካልመጡስ?” አልኩ።

“ካልመጣች ባሕር ዳርም አልሄድ። ዓይኔ ቢበራ የማየው ያንን የተዘጋ ቤት አይደል?”

አባ ተክሌን አየኋቸው። እሳቸውም እጃቸውን ታጥበው ወደ ማዕዱ ቀረቡ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናድጄ ነበር። ያንን ቀጠሮ ያገኘሁት በስንት ደጅ ጥናት ነው። ግን ከሰዓት በኋላ ድንች ስልጥ አንድ ነገር እየከነከነኝ መጣ። እኔ ድግስ ሳሰናዳ መጀመሪያ የማስበው አዳራሹን ነው፤ ቀጥሎ ምግቡን፤ የሚጠራው ሰው የባለ ድግሱ ጣጣ ነው። ኑሮዬም ያው ነው፤ መጀመሪያ ሥራው፣ ቤተ ክርስቲያኑና ሰዉ ደግሞ ሲመቸኝ። አክስቴ ዳስ የምታስጥለው፣ ወይፈን የምታሳርደው ለአንዲት ሴት ብላ ነው። ሃይማኖት አለኝ ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ ለየትኛው ሰው ብዬ ዓይኔን ሳልታከም እቆያለሁ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

ማታ ላይ “እትዬ አጸደን እኔ ሄጄ ልጥራቸው” አልኳት። የጠበቀችው ይመስል “ላስቲክ ጫማውን አድርጊ” ብቻ አለችኝ።

ቅዳሜ

ከወረታ የተነሳው መኪና ሰውና ዶሮ ጭኖ፣ እየነጠረ እስከሚችለው አደረሰን። ከዚያ በእግር ነው። አብረውኝ የሚሄዱት ጀሪካንና ብርድ ልብስ የያዙ፣ ወገባቸውንና ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ነበሩ። የወንዛዬ ፍል ውኃ የሚታወቀው ለዚህ ነው። እኛ ሶደሬ የምንሄደው ለመዝናናት ነው፤ እዚህ ዋና ልብስ የለ፣ ሙዚቃ የለ፤ ሰው ማማተቡን ጨርሶ ነው ውኃ ውስጥ የሚገባው።

የእትዬ አጸደን ልጅ ቤት ጠይቄ አገኘሁት። ተቆልፏል። አጥር ጎረቤታቸው ለታጣቢዎች ሳሙና የምትሸጥ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። “አራስ ሊጠይቁ ከልጃቸው ጋር ወጥተዋል፣ ማታ ይገባሉ” አለችኝ። ልጠብቅ እንዳልል መመለሻ መኪናው አይጠብቀኝም።

ሴትዮዋ ድካሜን አይታ “እስከዚያው ታጠቢ” አለችኝ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ከፊት የቆመችውን ዘመዷን ጠርታ ቦታዋን አስለቀቀችልኝ። ውኃው መጀመሪያ ይለበልባል፣ ከዚያ ግን የመንገዱን ንጥረት ሁሉ ከአጥንቴ ፈታው። ስወጣ ደረቅ ነጠላ አልብሳ፣ ቆሎ አስጨብጣ አስቀመጠችኝ። ሶደሬ ላይ ፎጣ ረስታችሁ እንደሆነ ማን ዘወር ብሎ ያያችኋል?

“ለእትዬ አጸደ ምን ልበልልሽ?” አለችኝ ስነሳ።

ዙሪያችን ሰው ሞልቷል፤ ወንዶችም ወረፋ ይጠብቃሉ። አንዲት በሕይወት ያለች ሴት የራሷን ተዝካር ደግሳለች ብሎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገር አሳፈረኝ። አዳማ ሆኜ ቢሆን ቀልድ አድርጌ አወራው ነበር፤ እዚያ ግን አሳጥሬ ተውኩት።

“እሁድ የእትዬ የሺ ተዝካር ነው፣ ኑ ተብለዋል በይልኝ” አልኳት።

ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች። “ወይኔ! ነፍስ ይማር” አለች።

ያኔ ማስተካከል ነበረብኝ። የመኪናው ጥሩምባ ከወዲያ ተሰማ፤ ሰዉ መሮጥ ጀመረ። እኔም “አሜን” ብዬ ሮጥኩ።

መኪናው ውስጥ ተደላድዬ ስቀመጥ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። አክስቴን ገድያት እየተመለስኩ ነው። ስልኬን ባወጣ የማንንም ቁጥር አልያዝኩም። ቤት ስደርስ አክስቴ “ነገርሻት?” አለችኝ። “አላገኘኋቸውም፣ መልእክት ትቻለሁ” አልኩ። የቀረውን መናገር አቃተኝ።

እሁድ

ቅዳሴ ሲያበቃ ካህናቱ መጥተው ጸሎት አደረሱ። አክስቴ ነጭ ለብሳ ዳሱ በር ላይ ተቀመጠች፤ እኔን ከጎኗ አስቀመጠችኝ። የሚገባውን ሰው ስም እነግራታለሁ፤ የማላውቀውን መልኩን እነግራታለሁ። “ረጅም ነው፣ ጋቢው ጥለቱ አረንጓዴ ነው” ስላት “የጫኔ ልጅ ነው፣ አስገቢው” ትላለች። በእኛ ሠርግ የክብር እንግዳ ከፊት ይቀመጣል፣ ለማኝ ከአጥር ውጭ ይጠብቃል። እዚህ ካህናቱ ከባረኩ በኋላ መጀመሪያ የተነሳው ትሪ የሄደው ደጅ ወዳሉት ችግረኞች ነበር። አክስቴ ያዘዘችው እንደዚያ ነው።

“አጸደስ?” ትለኛለች በየመሀሉ።

“ገና ናቸው።”

ፀሐዩ ዘወር አለ። ወጡ እየቀለለ፣ ጋኑ እየጎደለ ሄደ። አክስቴ መጠየቋን ተወች። ሳላስበው ልቤ “ብቻ ይምጡ፣ እንደፈለጉ ይምጡ” ብሎ መጸለይ ጀመረ።

በዚህ ጊዜ ከመንገዱ በኩል የለቅሶ ድምፅ መጣ።

“የሺ! እህቴ የሺ! ሳልቀብርሽ! አፈር ሳላለብስሽ!”

አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ በጭቃው መንገድ ይመጣሉ። አንድ ሰው “ልንገራቸው” ብሎ ሊሮጥላቸው ብድግ አለ።

“ማን ናት?” አለች አክስቴ።

“እትዬ አጸደ ይመስሉኛል።”

“ማንን ነው የምታለቅስ?”

ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብዬ ጥፋቴን ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እጇን አንስታ የተነሳውን ሰው “ቁጭ በል” አለችው። “ዝም በሉ። ትጨርስ።”

እትዬ አጸደ እንባቸው ጋርዷቸው ማንንም አያዩም ነበር።

“ደጄ መጥተሽ ያልወጣሁልሽ እኔ ክፉዋ! ምን ነበረ ብወጣ! ያን ዓመት ቡቃያሽን ጎህ ሳይቀድ ከብት ነድቼ ያስበላሁብሽ እኔ ነኝ! የሐይቁ ጉማሬ ነው የበላው ስትይ ዝም አልሁ! ለማን ልንገረው እንግዲህ! ለማን!”

ሰዉ ገለል ገለል እያለ መንገድ ለቀቀላቸው። ዳሱ በር ላይ ሲደርሱ እንባቸውን ጠረጉና ቀና አሉ። አክስቴ ነጭ ለብሳ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች።

“ለካ ያንን ጉማሬ በሐሰት ነው ስረግመው የኖርሁት” አለች አክስቴ።

መጀመሪያ የሳቁት አባ ተክሌ ናቸው። እትዬ አጸደ ግን መሬት ላይ ተቀመጡ።

“አለሽ?” አሉ።

“አለሁ። የሞትሽብኝስ አንች ነሽ። ግጦሹን ሲያርሰው ተው አላልሁትም፣ አጸደ። ይቅር በይኝ።”

“ታዲያ ለምን በቁምሽ አስለቀስሽኝ?”

“አልመጣም አልሽኛ።”

እትዬ አጸደ ተቆጡ፤ አለቀሱ፤ ደግሞ ተቆጡ። “ማናት ነፍስ ይማር ሲሏት አሜን ያለችው?” ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ሰው እኔን አየ። ትሪ አንስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ አባ ተክሌ ይቅር ለእግዚአብሔር አባብለው አስታርቀዋቸው፣ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው፣ በአንድ ዋንጫ ጠላ እየተቀባበሉ አገኘኋቸው። የቀረው ወጥ ጥቂት ነበር። ከድስቱ ግርጌ ጠራርጌ ለእትዬ አጸደ አቀረብኩላቸው፤ እሳቸውም ሳያዩኝ በሉ።

ስንት ድግስ አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ያለቀስኩበት የለም። ወጥ በማለቁ ያላፈርኩበትም ያ ብቻ ነው።

ሰኞና ማክሰኞ

ጠዋት ሚኒባሱ ሲመጣ እትዬ አጸደ ከእኛ ቀድመው ገብተው ተቀምጠዋል። “ወንዛዬ በዚያ በኩል ነው” አላቸው ረዳቱ። “የት እንደምሄድ አውቃለሁ” አሉት። መንገዱን ሁሉ ሁለቱ ሲያወሩ እኔ ለብቻዬ ሩዙን፣ ሽንኩርቱን፣ የጉማራን ወንዝ ከነድልድዩ እያየሁ ሄድኩ። አክስቴ ያንን ሁሉ ዓመት ዝም ያለችውን በአንድ ጠዋት ልትጨርሰው ነበር የምትመስለው።

ሕክምናው ከፈራነው ቀላል ሆነ። በአንዱ ዓይን ይጀመር ተባለ፣ ተሠራ፣ ተሸፈነ። ያን ማታ ባሕር ዳር ባረፍንበት አልጋ ቤት አሮጊቶቹ አልጋውን ለእኔ ትተው መሬት ላይ አብረው ተኙ፤ እምቢ ብልም የሚሰማኝ አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት ነርሷ መሸፈኛውን አነሳችው። እኔ ከፊት ቆሜ ነበር። መንገዱን ያቀድኩት፣ ቀጠሮውን የለመንኩት እኔ ነኝና መጀመሪያ የምታየው እኔን እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ አልደብቃችሁም። አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከፈተች። በእኔ ላይ አሳልፋ ወደ ግድግዳው አየች።

“አጸደ የት አለች?” አለች።

“ይኸው አለሁ።”

እትዬ አጸደ ቀረቡ። አክስቴ ፊታቸውን ይዛ ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

“አርጅተሻል” አለቻቸው።

“ሟቿ አንች፣ ያረጀሁት እኔ?” አሉ እትዬ አጸደ።

ሁለቱም ሳቁ። ነርሷ ዓይኑ ገና ቁስል ነው፣ አትሳቁ ብላ ብትለምንም የሰማት አልነበረም። አክስቴ እኔን ያየችኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ቅር አላለኝም።